ረጅሙ ቅዳሜ

መንደራችን ፖርትሌር ካለው ሙዚየም የገባ ሰው ያን ፎቶ ሳያይ አይወጣም። በሩን እንዳለፉ በስተቀኝ ተሰቅሏል። አንድ በያጅ በሰማይና በብረት መሀል፣ ጣውላ ላይ ቆሞ፣ የብየዳ ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ ጥቁር ሰሌዳ ደረቱ ላይ ይዞ ይስቃል። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ «ቅዳሜ፣ ማርች 16፣ 1974» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የተለጠፈው መግለጫም ያንኑ ይደግማል፤ መግለጫ ጻፊ ሰሌዳ ካነበበ ሌላ ምን ይጠየቃል! ቀኑ ግን ቅዳሜ አልነበረም። በሰሌዳው ላይ የጻፈችውም፣ ፎቶውን ያነሳችውም ማርሳሊ አርከርት ይህን እያወቀች ኖረች፣ ይህን እያወቀች ሞተች።

ማርሳሊ ካሜራ የተማረችው ከአባቷ ከፊንሊ አርከርት ነው። ሽማግሌው በዘመናቸው የሄሪንግ አሣ ጀልባዎችን፣ ሙሽሮችን፣ አንዳንዴም ለእናቶቻቸው ማስታወሻ እንዲሆኑ የሞቱ ሕፃናትን ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ሱቁንም፣ ጨለማ ክፍሉንም፣ ባለሦስት እግሩን የካሜራ መቆሚያም ለአንድያ ልጃቸው አስረከቡ። አብረው ያስረከቧት ሕግም ነበር። «ቀን ያልተጻፈበት ፎቶ አይነሳም፤» ይሏት ነበር። «ሰው ይረሳል፣ ሰው ይዋሻል፤ ሰሌዳ ግን አይዋሽም።»

ፊንሊ የቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ቤት ሰንበት ሲገባ ድንቹ ቅዳሜ ተልጦ፣ ጫማው ቅዳሜ ተወልውሎ፣ የምድጃው ከሰል ቅዳሜ ተቀርቦ ነው። ጋዜጣ አይገለጥም፣ ሬዲዮ አይከፈትም፣ የጨለማ ክፍሉ ቁልፍ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር ያድራል። መንደሩም ከሞላ ጎደል እንዲሁ ነበር። በሰንበት ልብስ ያሰጣች ሴት ስሟ ክረምቱን ሙሉ ሲታኘክ ይከርማል።

ከሰሜን ባሕር ሥር ነዳጅ ተገኘ ሲባል ግቢው መጣ። የራሱ ስም ነበረው፤ ሰዉ ግን «ግቢው» ብቻ ነበር የሚለው። የድንች ማሳ የነበረውን የባሕር ዳርቻ ከባሕሩ ወለል በታች ቆፈሩና በትልቅ የብረት መዝጊያ ባሕሩን ከውጭ አቆሙት። በደረቁ ጉድጓድ ውስጥም የነዳጅ ማውጫውን ማማ በጎኑ አስተኝተው መሥራት ጀመሩ። እግሮቹ ቤተ ክርስቲያናችንን ከነደወሉ ይውጡ ነበር። ሥራው ሲያልቅ መዝጊያው ይከፈታል፤ ባሕሩ ይገባና ማማውን አንሳፍፎ ይወስደዋል። ለዚህ የሚበቃው ግን ታላቁ የባሕር ሙላት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሰው ቀጠሮ አያውቅም።

ማርሳሊ የግቢው ፎቶ አንሺ ሆነች። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ተበይዶ ከመሸፈኑ በፊት ሰሌዳዋን አስደግፋ ታነሳለች። መሐንዲሶቹም ዋስትና ሰጪዎቹም የሚያምኑት የሷን ሰሌዳ ነበር። በነፋስ ውስጥ መሰላል የምትወጣ፣ ቀሚሷን ከሱሪ ላይ የምትታጠቅ፣ ቁጥብ ሴት ነበረች። አርባ ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት፤ አላገባችም፤ ሥራዋን ግን እንደ ባል ትጠብቀው ነበር።

ግቢው ሲመጣ አለቆቹ ለቀሳውስቱ ቃል ገብተዋል፤ በሰንበት መዶሻ አይነሳም ብለው። ክረምቱ ሥራውን ወደ ኋላ ጎተተውና ሙላቱ ሲቀርብ ግን ቃሉ ጠበባቸው። ያን ጊዜ የኛ ሰው ብልሃት ፈጠረ፤ ብልሃታችን ይቃጠል። እሑድ መሥራት ተጀመረ፤ እሑድ መባሉ ግን ቀረ። «ረጅሙ ቅዳሜ» ተባለ። በር ላይ የሚገባው ሰው በቅዳሜ ይመዘገባል፤ ማርሳሊም ሰሌዳዋ ላይ የቅዳሜን ቀን ትጽፋለች። አንድም ሰው ፊቱን ለካሜራ አይሰጥም፤ ሁሉም ጀርባውን አዙሮ ነው የሚነሳው። ቄሱ የብየዳውን ብልጭታ ከመስኮታቸው ሲያዩ መጋረጃቸውን ይዘጋሉ። እግዚአብሔርን ለማታለል እንዲህ አገር ሙሉ ሰው ተስማምቶ ሲሠራ ያየሁት በኛ መንደር ብቻ ነው።

ማርሳሊ ለአባቷ ሌላ ነገር ነበር የምትነግራቸው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ አልጋ የያዘች፣ አእምሮዋም የሄደ አክስት ነበረቻት፤ ቤታግ ትባላለች። «አክስቴ ቤታግን ልጠብቅ ነው፣ አባባ፤» ትልና ትወጣለች። አባቷ ደስ ይላቸዋል። የታመመ መጠየቅ በሰንበትም የተፈቀደ ነው።

በዚያ ማርች ወር የግቢው ሥራ አስኪያጅ ግሪር ቅዳሜ ወደ ሱቋ መጣ። ከቴክሳስ የመጣ፣ ዝናባችንን እንደ ግል ጠላት የሚያይ ሰው ነበር።

«ሚስ አርከርት፣ ነገ የመጨረሻው መጋጠሚያ ይዘጋል። አንዴ ከተዘጋ ውስጡን ማንም አያየውም። ፎቶው ያስፈልገኛል።»

«ነገ ሰንበት ነው፣ ሚስተር ግሪር፤» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ አባቷ ጓዳ ነበሩ።

«ነገ ረጅሙ ቅዳሜ ነው።» ኮፍያውን አራገፈ። «ካልተመቸሽ ከከተማ የሚመጣ ሰው አለኝ። እሱ ቤተ ክርስቲያንም አይሄድ።»

ሄደች።

ሰማዩ እንደ ቅዳሜው ሁሉ አመድ መስሏል፤ ነፋሱ ግን ብሶበታል። መጋጠሚያው ከጉድጓዱ ወለል በጣም ከፍ ብሎ ነበር። እዚያ ላይ ሲበይድ ያገኘችው ዳንከን ቫስን ነው። ከአሣ አጥማጆቹ ሰፈር ነው፤ አባቱ ባሕር ውስጥ የቀሩ፣ እሱ ግን «ከውሃ ብረት ይሻለኛል» ብሎ ብየዳ የተማረ፣ የጄሲ ባል፣ የሁለት ልጆች አባት። አፉ አያርፍም ነበር።

«እትዬ ማርሳሊ! አክስትሽን እዚህ ላይ ነው እንዴ ያስተኟት?»

«ዝም በል፣ አንተ አፈኛ።»

«ኧረ ምስኪኗን ደህና ዋሉ በይልኝ። በእሑድ በእሑድ እንዲህ ስትጠየቅ ልትድን ነው።»

ነፋሱ ሰሌዳውን ከመቆሚያው ላይ ገፍትሮ ጣለው፤ ዳንከን ሳይወድቅ ያዘው። «ልያዝልሽ?»

«ያዝልኝ እስቲ። ዙርና ጀርባህን ስጠኝ።»

«አልሰጥም! አዲስ ሹራብ ለብሼ ጀርባ?» ቱታውን ከፍቶ አሳያት፤ የአሣ አጥማጆቹ ወፍራም ሰማያዊ ሹራብ ነበር። ከዚያ የግራ እጁን ዘረጋ። የእጅጌው ጫፍ ገና አልተዘጋም፤ ክሩ ተንጠልጥሏል። «ይቺን እያት። ጄሲ ትናንት ማታ እዚህ ስትደርስ ሰዓቱ ደወለ፤ ሰንበት ገባ አለችና መርፌዋን ጣለች። አንድ ዙር እኮ ነው የቀራት! ብለምናት፣ ብለምናት፣ ወይ ፍንክች። በይ አንሺኝና ላሳፍራት።»

ማርሳሊ ሳቀች። በካሜራው ስታየው ግን ከኋላው የጎደለ ነገር አስተዋለች። ከጣውላው ጫፍ ላይ መከለያው ብረት የለም። ከዚያ ወዲያ ባዶ አየር ነው።

«መከለያው የታለ?»

«ክሬኑ እንዲያልፍ ትናንት አነሱት። ጊልክሪስት እመልሰዋለሁ ብሏል።» ጊልክሪስት ፎርማኑ ነው።

«ታዲያ የደኅንነት ቀበቶህን ምን ላይ ነው የምታስረው?»

«እምነቴ ላይ፤» አለና ሰሌዳውን ደረቱ ላይ አስተካከለ። «ወይ ጉድ፣ የታሰረ ሌባ አስመሰልሽኝ እኮ።» እየሳቀ ሳለ አነሳችው።

ከምሳ በኋላ ዳንከን ቫስ ከዚያ ጣውላ ላይ ወደቀ። ጉድጓዱ ገና ደረቅ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ግሪር አስጠራት። ቦታውን አንሺልኝ አላት። መከለያው ብረት ተመልሶ ጥብቅ ብሎ ቆሟል። ማርሳሊ የሰኞን ቀን ጻፈችና አነሳች። 

ከዚያ የግቢው ቃል ወጣ። እሑድ ጥቂት ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው መሣሪያቸውን ሊሰበስቡ ገብተው ነበር ተባለ። መከለያው ቅዳሜ ለክሬኑ ተነስቶ ቅዳሜ ማታውኑ ተመልሷል ተባለ። ሟቹ ቀበቶውን ፈትቶ መከለያውን ተሻግሮ፣ በራሱ ጥፋት ወደቀ ተባለ። የግቢው ማስረጃ ማን መሰላችሁ? የማርሳሊ ሁለት ፎቶዎች። አንዱ ቅዳሜ ይላል፣ መከለያ የለውም፤ አንዱ ሰኞ ይላል፣ መከለያ አለው። ወሬው ደግሞ ከግቢው ብሶ ሄደ። ጠጥቶ ነበር ያሉ አሉ። ሰንበትን የሻረ የእጁን አገኘ ያሉም አሉ፤ እነሱ ራሳቸው በረጅሙ ቅዳሜ ሲበይዱ የከረሙ ናቸው።

ጄሲ ቫስ ከቀብሩ በኋላ ወደ ሱቁ መጣች። ጥቁር ሻሿን እንኳ አላወለቀችም። «የዳንከን ፎቶ አለ አሉኝ። እኔ ያለኝ የሠርጋችን ብቻ ነው።»

ማርሳሊ አወጣችላት። ጄሲ አላለቀሰችም። ፊቱን አይታ፣ አይታ፣ ጣቷ ወደ ግራ እጁ ወረደና እዚያው ቆመ።

«ይህን ሹራብ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ ነው ከእጄ ያስቀመጥኩት፤» አለች በቀስታ። «እሱ የለበሰው እሑድ ጠዋት ነው። ማርሳሊ፣ መቼ ነው ያነሳሽው?»

የጓዳው በር ገርበብ ብሏል። አባቷ ከምድጃው አጠገብ ሲያስሉ ተሰማ።

«ሰሌዳው ላይ አለ። ቅዳሜ።»

«እኔ ሰሌዳሽን አልጠየቅኩም። አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

ማርሳሊ ወደ ጓዳው በር ዞር አለች። ጄሲ ፎቶውን ባንኮኒው ላይ ትታው ወጣች። ያን ቀን ማርሳሊ በራሷ አፈረች፤ እስከ ሞት ድረስ የማይለቅ እፍረት ነበር። ግን አፈረች እንጂ አልተናገረችም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ በፖርትሌር ንጋቱ ራሱ ጭጋግ ነው።

የሞት ምርመራው ችሎት በበጋው ከተማ ላይ ተሰየመ። አክስት ቤታግ በመካከሉ አርፋለች። ከዳንከን ጋር የነበሩት ሁለት በያጆች ተጠየቁ፤ አንዱ «ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር» አለ፣ ሁለተኛው ያንኑ ደገመ። ጊልክሪስት መከለያውን ቅዳሜ ማታ በገዛ እጄ መለስኩ አለ። ጄሲ ሹራቡን በወረቀት ጠቅልላ አምጥታ ነበር፤ ደሙ ታጥቦ፣ ጫፉ ሳይዘጋ። ተነስታ ስለ ሹራቡ ተናገረች። የግቢው ጠበቃ አንገቱን ነቀነቀና «የባለቤትዎ ኀዘን ይሰማናል፤ ነገር ግን ሹራብ መቼ እንዳለቀ ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ አለ?» አላት። አልነበረም። ልጆቿ ተኝተው ነበር።

ቀጥሎ ማርሳሊ ተጠራች። የጠራት ራሱ የግቢው ጠበቃ ነው፤ ሁለቱን ፎቶዎች የኔ ናቸው እንድትል። አባቷ ከፊት ወንበር ላይ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጇን አንስታ ማለች።

«ወይዘሪት አርከርት፣ ይህን ፎቶ ያነሱት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«መቼ?»

ማርሳሊ ጄሲን አየቻት። ጄሲ አላየቻትም፤ የሹራቡን ክር በጣቷ ትጠቀልላለች።

«እሑድ፤» አለች ማርሳሊ። «በሞተበት ቀን። መከለያ አልነበረም። የት እንዳለ ጠይቄዋለሁ።»

አዳራሹ ተናወጠ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። ጠበቃው ግን አልደነገጠም፤ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋው።

«ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሕፈት የማን ነው?»

«የኔ።»

«ቅዳሜ ይላል። ስለዚህ ውሸት ጽፈዋል?»

«አዎ። ረጅሙ ቅዳሜ ስለሆነ ነው። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንለው።»

ጊልክሪስት እንደገና ተጠየቀ። «ረጅም ቅዳሜ» የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም አለ። በያጆቹም አልሰሙም። ከኋላ የተቀመጠው መንደርተኛ በሙሉ እግሩን ያይ ጀመር፤ አንድ ወንድ አልተነሳም።

«ክቡር ዳኛ፣» አለ ጠበቃው፣ «ይህች ሴት ወይ ያን ጊዜ ዋሽታለች፣ ወይ አሁን እየዋሸች ነው። ወይዘሪት አርከርት፣ ያን እሑድ ከቤት መውጣትዎን የሚያውቅ ሰው አለ?»

«አባቴ ያውቃሉ፤» አለች።

ሽማግሌው ተነሱ። ሰው ክንዳቸውን ይዞ አቆማቸው፤ እጃቸውን አንስተው ማሉ። በፖርትሌር ፊንሊ አርከርት ዋሹ የሚል ሰው ጠላታቸውም ቢሆን አይገኝም ነበር፤ ዳኛውም ይህን ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ወደፊት ዘንበል አሉ።

«አቶ አርከርት፣ ልጅዎ ያን እሑድ ወጥታ ነበር?»

«ወጥታ ነበር።»

ማርሳሊ ዓይኗን ጨፈነች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ ወረደ።

«ወዴት?»

«ወደ እኅቴ ወደ ቤታግ። ልጠብቃት ነው ብላኝ ነው የሄደችው። ማታም ተመልሳ ቤታግ ደህና ናት አለችኝ።»

«ወደ ግቢው አልሄደችም?»

ሽማግሌው የማያዩትን ልጃቸውን በጭጋጋማ ዓይናቸው ፈለጓት። የሚያውቁት አንድ እውነት ነበር፤ እሱንም ሰጡ።

«ልጄ በሰንበት አትሠራም፤» አሉ። «ለኔም ዋሽታኝ አታውቅም።»

ፍርዱ በዚያው ሳምንት ተነበበ። ዳንከን ቫስ በራሱ ጥንቃቄ ማነስ ሞተ።

ፍርዱን ሰምተው ሲመለሱ በአውቶቡሱ ውስጥ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙ መንገድ ሄዱ። ከዚያ ማርሳሊ «አባባ፣ የዋሸሁት እርስዎን ነው፤» አለች።

 አውቶቡሱ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ዞረ።

«እንግዲያው እኔ እጄን ለእግዚአብሔር አንስቼ የሞተ ሰው ገደልኩ፤» አሉ። 

በማግሥቱ ሽማግሌው ሰው እየመራቸው ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ሄዱ። ሰውየው በትህትና ሰማቸው። «ልጅዎ ይህን የነገረችዎት መቼ ነው?» «ከፍርዱ በኋላ።» ሰውየው ኮፍያቸውን አቀበላቸው። ፊንሊ የሽማግሌነታቸውን ወንበር በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ፤ ከቁርባኑ ማዕድም ራቁ፤ ማንም ያባረራቸው ሳይኖር። ሌላ ሰው ያን ያህል ያፈረ አልነበረም። ከዚያ በትራቸውን እየመቱ ወደ አሣ አጥማጆቹ ሰፈር ወርደው የጄሲን በር አንኳኩ። ምን እንዳሏት አልታወቀም። ብዙ አልቆዩም።

ማማው በበጋው መጨረሻ በታላቁ ሙላት ወጣ፤ እሑድ ቀን ነበር፤ መዝጊያው ሲከፈት መንደሩ በሙሉ ኮረብታው ላይ ወጥቶ አየ። ማርሳሊ ግን ከዚያ ወዲህ የግቢውን በር አልረገጠችም። የማማውን ፎቶ ከከተማ የመጣው ሰው አነሳ።

ጄሲ ወደ ሱቁ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

«አባትሽ ነገሩኝ፤» አለች።

«ጄሲ፣ ችሎት ላይ ተናግሬ ነበር እኮ፤ ሰምተሻል።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ያን ቀን እዚሁ ባንኮኒ ላይ ብትነግሪኝ ኖሮ አባትሽን ቀድመሽ ትነግሪያቸው ነበር። ቀድመሽ ብትነግሪያቸው ደግሞ እሳቸው ውሸት አይወጣቸውም።» ድምጿ ከፍ አላለም። «አሁን ልጣላሽ አልመጣሁም። ጉልበቱም የለኝ። ያን ፎቶ ስጪኝ።»

ማርሳሊ አወጣችው።

«ሰሌዳውን ቁረጪልኝ።»

ማርሳሊ ቢላዋና ማስመሪያ አመጣች። አስቀምጣ ለካች፤ ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ሳብ አደረገች። ዳንከን ሰሌዳውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ነበር የያዘው።

«ሰሌዳውን ስቆርጠው እጆቹም ይሄዳሉ፣ ጄሲ። ያቺ እጅጌም።»

ጄሲ ጎንበስ ብላ ያቺን እጅጌ አየቻት። አንድ ዙር ነበር የቀራት። ያኔ ብቻ ነው ማርሳሊ ስታለቅስ ያየቻት።

«ልጆቼ ማንበብ ጀምረዋል፤» አለች። «ያ ቃል ያለበት ቤቴ አይገባም። ቁረጪው።»

ማርሳሊ ቆረጠችው። ጄሲ የሳቀ ፊትና ጥቂት አመዳም ሰማይ በመሐረቧ ጠቅልላ ሄደች።

ባንኮኒው ላይ የቀረችው ቁራጭ ሰሌዳው፣ ሁለት እጆችና ያልተዘጋችው እጅጌ ናት። ማርሳሊ ስትሞት ከአባቷ መጽሐፍ ቅዱስ ሥር፣ የጨለማ ክፍሉ ቁልፍ ያድርበት ከነበረው ቦታ ላይ ቁራጯ ተገኘች። ጀርባዋ ላይ በእርሳስ «እሑድ» ተብሎ ተጽፏል። ለሙዚየሙ ብትሰጥም አልተቀበሏትም፤ ሙሉው አለን አሉ።